የ7ኛ ክፍል ተማሪ እስክሪብቶውን ሲያስቀምጥ

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የ7ኛ ክፍል የሂሳብ መምህርት ነኝ። በአንድ ክፍል 62 ተማሪዎች አሉኝ፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪዎቼ አሠራሩን ሰሌዳ ላይ ካሳየኋቸው ተመሳሳዩን ይሠራሉ፤ ጥያቄው ትንሽ ከተለወጠ ግን ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞክሩ እስክሪብቶ አስቀምጠው «ቲቸር፣ አልገባንም» ይላሉ። ምክርም ቁጣም ሞክሬያለሁ። ከባድ ጥያቄ ላይ እንዲቆዩ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? እንዲህ ስል ምዕራፉንስ መቼ ልጨርስ?

ምላሽ፦

የተከበሩ መምህርት፣

ከጻፉት ሁሉ ቀልቤን የያዘው «እስክሪብቶ አስቀምጠው» ያሉት ነው። እስክሪብቶውን ያስቀመጠ ልጅ ሰነፍ ነው፣ ወይም ቀለም አይዘልቀውም ብለን ለመፍረድ እንቸኩላለን። እኔ 7ኛና 8ኛ ክፍል ባስተማርኩባቸው ዓመታት፣ በኋላም መምህራንን በማሠልጠን ሥራ ላይ ሆኜ ከክፍል ኋላ ተቀምጬ በተከታተልኳቸው ትምህርቶች የተረዳሁት ከዚህ ይለያል። አብዛኛው ልጅ እስክሪብቶውን የሚያስቀምጠው ቀጥሎ በእጁ ሊሠራው የሚችል ነገር ስለሚያጣ፣ ደግሞም ዝም ብሎ ቢጠብቅ መልሱ ከሰሌዳው ላይ እንደሚመጣለት ከልምድ ስለሚያውቅ ነው። ሁለቱም ምክንያቶች የሚመነጩት ከክፍሉ አሠራር በመሆኑ፣ ምክርና ቁጣ አለመፍታታቸው አያስገርምም።

ይህ ጠባይ የእኛ አገር ልጆች ብቻ አይደለም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሂሳብ ትምህርት ተመራማሪው አለን ሾንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተማሪዎች ያልለመዱትን ጥያቄ ሲሠሩ በቪዲዮ እየቀረጸ አጥንቷል። ከሙከራዎቹ 60 በመቶ ያህሉ አንድ መልክ ነበራቸው፤ ተማሪው ጥያቄውን በጥድፊያ አንብቦ ፊት የመጣለትን መንገድ ይይዝና፣ መንገዱ እንደማያደርስ ምልክት ቢታይም እሱኑ ይዞ ጊዜው ያልቃል። በአንጻሩ ለማወዳደሪያ የተቀረጸ አንድ የሂሳብ ሊቅ ከተሰጠው ጊዜ ከግማሽ በላይ የሆነውን ያዋለው ጥያቄው ምን እንደሚል ለመረዳት ነበር። ሾንፌልድ ተማሪዎቹ ስለ ሂሳብ ያላቸውን እምነት ሲመረምር ደግሞ፣ ትምህርቱ የገባው ሰው ማንኛውንም ጥያቄ በ5 ደቂቃ ውስጥ መጨረስ አለበት ብለው እንደሚያስቡ አገኘ።

ይህ እምነት ከየት መጣ ቢባል ከእኛው ክፍል ነው። መልመጃው ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች ሁሉ በሁለት ደቂቃ የሚያልቁ ከሆነ፣ በሦስተኛው ደቂቃ ያልተፈታ ጥያቄ ለልጁ «አንተ አትችልም» የሚል መርዶ ይሆንበታል። ከጥናቱ የምወስደው ሌላም ነገር አለ፤ አንድን የተሳሳተ መንገድ ሙጭጭ ብሎ መያዝም ጽናት አይባልም። የምንፈልገው ልጅ ሲጠፋው ቆም ብሎ፣ ያለበትን አይቶ፣ ሌላ በር የሚያንኳኳ ልጅ ነው፤ ይህ ደግሞ ልክ እንደ ማካፈልና ማባዛት የሚለማመዱት ሥራ ነው።

እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ የተማሪዎቼን ሙከራ የምገድለው በደግነት ነበር። አንድ ልጅ እጁን ሲያወጣ በወንበሮቹ መካከል አልፌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀብዬ ደብተሩ ላይ ሁለት መስመር እጽፍለትና «ገባህ?» እለዋለሁ፤ እሱም «አዎ ቲቸር» ይላል። የገባው ግን ቲቸር መኖሩ ነበር። አንድ ቀን አብሮኝ የሚያስተምር መምህር ከኋላ ተቀምጦ ሲያየኝ ቆየና፣ ስንወጣ «ከ40ው ደቂቃ ውስጥ እስክሪብቶውን ብዙ የያዘው ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ ከባድ ጥያቄ በሰጠሁ ጊዜ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ነው በክፍሉ ውስጥ የምዞረው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ሲሞክሩት ግን እጅዎ ስንት ጊዜ ወደ ደብተር እንደሚዘረጋ ይታዘቡታል። ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ምንም የማያስወጣ ዘዴም አለ፤ ጠይቆ መጠበቅ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ መምህራን ጠይቀው ዝም የሚሉት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ዝምታው ወደ 3 ሰከንድ ሲደርስ ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና ሳይመልሱ የሚቀሩት እንደሚቀንሱ አሳይታለች።

ወደ እርስዎ ክፍል ስመጣ መጀመሪያ እንዲያጣሩልኝ የምፈልገው የቋንቋውን ነገር ነው። እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ የተማረ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲገባ ሂሳቡና እንግሊዝኛው በአንድ ጊዜ ይወርዱበታል፤ እኛም ከሁለቱ የትኛው እንዳስቆመው ሳንለይ «ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል» እንላለን። አንድ የቃላት ፕሮብሌም በእንግሊዝኛ ይስጧቸውና ስንቱ እንደጀመረ ይቁጠሩ፤ በሌላ ቀን አቻውን በአማርኛ አንብበው ያው ቆጠራ ይድገሙ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ያጋጠመዎት በዋናነት የማንበብ ችግር ነው። ለምሳሌ «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤ ነምበር» የሚለውን ብዙ ልጆች በቃላቱ ቅደም ተከተል ይዘው ከ5 ላይ ቁጥሩን ይቀንሳሉ፤ የተፈለገው ግን ከቁጥሩ ላይ 5 መቀነስ ነው። «ከአንድ ቁጥር በ5 የሚያንስ» ሲባሉ ይህ መሰናክል ከፊታቸው ይነሣል። ስለዚህ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ቢጻፍም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ከጎን ካለው ጓደኛ ጋር በአማርኛ እንዲነጋገሩበት ይፍቀዱ፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑ ማሰቡም በእንግሊዝኛ እንዲሆን አያስገድድም።

አሁን አንድ ክፍለ ጊዜ ከነግርግሩ ላሳይዎት። ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ይህን ብቻ ነው፦ «የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ነበር። ካላንደር ሳታዩ ሰኔ 1 ቀን በምን ቀን እንደሚውል ፈልጉ።» ይህን ጥያቄ የምወደው ማንም ልጅ «ቀመሩን አልተማርኩም» ሊል ስለማይችል ነው፤ ወር 30፣ ሳምንት 7 ቀን መሆኑን የማያውቅ የ7ኛ ክፍል ተማሪ የለም። ጳጉሜን ከሰኔ በኋላ ስለምትመጣ አታስቸግርም፤ ይህን ከልጆቹ አንዱ አስታውሶ ሲያነሣው ደግሞ እሰየው ነው። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ለየብቻ፣ በዝምታ ናቸው። በእነዚህ ደቂቃዎች እጅ ማውጣት አይፈቀድም፤ እኔም አልናገርም።

በአንድ ክፍል ያየሁት እንዲህ ነበር። አንዲት ልጅ የደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንዳንድ ሰረዝ እየሰረዘች ጀመረች፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲሰለቻት ሰረዞቹን ሰባት ሰባቱን መክበብ ያዘች። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ወር 4 ሳምንት ነው፤ ስለዚህ ሰኔ 1ም ሐሙስ ነው» ብሎ ጨረሰና መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረ። መካከል ላይ ያሉ ሁለት ልጆች ደግሞ በየወሩ ከ4 ሳምንት ላይ 2 ቀን እንደሚተርፍ አገኙ፤ ወሮቹን በጣታቸው ከመስከረም እስከ ሰኔ ቆጥረው 10 አሉ፤ 10 ጊዜ 2 ሲሆን 20፣ ከዚያ ላይ ሁለት ሳምንት ሲነሣ 6፤ ከሐሙስ 6 ቀን ሲቆጠር «ረቡዕ» ብለው አሰመሩበት። ከቀሩት ውስጥ ወደ አሥር የሚሆኑት ምንም አልጻፉም ነበር።

መምህር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። «ሐሙስ» ላለው ልጅ «ተሳስተሃል» ብንለው እስክሪብቶውን ያስቀምጣል፤ «ጎበዝ፣ ተቃርበሃል» ብንለውም ውሸት ነው። ያልኩት «ጥቅምት 1 በምን ቀን ዋለ?» ብቻ ነው። ትንሽ ጥያቄ ስለሆነች በጣቱ ቆጥሮ ቅዳሜ መሆኑን አገኘ፤ ሐሙስ ባለመሆኑ ተገርሞ፣ እኔ ሌላ ሳልናገር ወደ ሥራው ተመለሰ። «ረቡዕ» ያሉትንም የጠየቅኳቸው ያችኑ ጥያቄ ነው፤ «በዚሁ መንገዳችሁ ጥቅምት 1ን አውጡ» አልኳቸው። በእነሱ አቆጣጠር መስከረምና ጥቅምት ሁለት ወር ስለሚሆኑ 4 ቀን ጨምረው ሰኞ አሉ፤ ሰረዝ የምትሰርዘው ልጅ ግን ቅዳሜ ብላለች። «እናንተ ሰኞ፣ እሷ ቅዳሜ ትላለች፤ ተነጋገሩ» ብዬ ሄድኩ። ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 1 ያለፈው ወር አንድ ብቻ መሆኑን፣ ስለዚህም እስከ ሰኔ 1 ያለፉት 9 ወሮች እንደሆኑ ደረሱበት፤ 9 ጊዜ 2፣ 18፤ ሁለት ሳምንት ሲነሣ 4፤ ከሐሙስ 4 ቀን ወደ ፊት ሰኞ። ምንም ላልጻፉት አሥሩም የሰጠኋቸው ያችኑ ጥቅምትን ነበር።

ለተለያየ መሰናክል አንዲት ፍንጭ ለምን እንደሠራች ያስተውሉ። «ጥያቄውን አሳንሰው» የሚለው ዘዴ መልሱን አይነካም፤ ለልጁ ግን ቀጥሎ የሚሠራው ነገር ይሰጠዋል። እንዲህ ያሉ ዘዴዎች ብዙ አያስፈልጉም። በራስህ ቃል ንገረው፤ ቁጥሮቹን አሳንስ፤ ሥዕል ሣል፤ ገምትና ሞክር፤ ከመጨረሻው ተነሥ። እነዚህን አምስት በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፈው ከሰሌዳው አጠገብ ይስቀሉ፤ «ቲቸር፣ አልገባኝም» ሲባሉም በጣትዎ ወደ ካርቶኑ ያመልክቱ። እኔ ከዚህ ጋር አንድ ደንብ እጨምራለሁ፤ «አልገባኝም» ብቻውን አይበቃም፣ «እስከዚህ ገብቶኛል፣ ከዚህ በኋላ ጠፋኝ» ያለ ልጅ ጋ ግን እሄዳለሁ። ለ62 ተማሪ አንድ መምህር መድረስ ስለማይችል፣ ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ከጎኑ ያሉትን ሁለት ልጆች መጠየቁንም አረጋግጣለሁ። በ1ለ5 አደረጃጀት ካስቀመጧቸው አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ጎበዝ ሠርቶ አምስቱ ይገለብጣሉ። እስክሪብቶው የሚያዘው ባለፈው ሳምንት ባልያዘው ልጅ እጅ ነው፤ ጎበዙ በአፉ ብቻ ይናገር።

በዚያ ክፍል ቶሎ የጨረሱ አራት ልጆች ነበሩ፤ ለነሱ «መባቻቸው ሁልጊዜ በአንድ ቀን የሚውል ወሮች አሉ?» የሚል ጥያቄ ጨመርኩ። መስከረም ከሚያዝያ፣ ጥቅምት ከግንቦት፣ ኅዳር ከሰኔ እያሉ ሲያጣምሩ ከ13ቱ ወሮች ጓደኛ ያጣችው መጋቢት ብቻ ሆና ቀረች፤ ለምን ብለው ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። በማግስቱ አንደኛው አያቱ ባሕረ ሐሳብ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን የዘመንና የበዓላት አቆጣጠር ስለሚያውቁ በዓላቱን በቃላቸው እንዳወጡለት እየተደነቀ ነገረን፤ እኔ ካቀድኩት ትምህርት ይህ ይበልጥ ነበር።

መልስ ማሳደድን የሚያስቆም ሌላም መንገድ አለ፤ መልሱን አስቀድሞ ሰሌዳ ላይ መጻፍ። «አንድ ነጋዴ 1000 ብር የነበረውን ጫማ በ20 በመቶ አስወደደ፤ ገዢ ሲያጣ ከአዲሱ ዋጋ 20 በመቶ ቀነሰ። ዋጋው 960 ብር ሆነ። ወደ 1000 ያልተመለሰው ለምንድን ነው?» መልሱ ከተጻፈ ከጎን የሚገለበጥ ነገር አይኖርም፤ ልጁ የሚቀረው ሥራ ማሰብ ብቻ ነው።

ስለ ሙገሳ ባጭሩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ ላገኙት ውጤት «ብልህ ነህ» የተባሉ የ5ኛ ክፍል ልጆች ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው «ብዙ ጥረሃል» ከተባሉት ቀድመው ተሸንፈዋል። ይህን ይዘው «ሁሉ ይቻላል» የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ብዙ አልጠብቅበትም። በአሜሪካ 12,000 ያህል የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ሰፊ ጥናት፣ ችሎታ በጥረት እንደሚያድግ የሚያስተምር አጭር ትምህርት የደካማ ተማሪዎችን ውጤት ከፍ ያደረገው በ4 ነጥብ መለኪያ 0.1 ገደማ ብቻ ነው። ካመሰገኑ የሠራውን ነገር ስሙን ጠርተው ያመስግኑ፤ «ሰረዙ ሲበዛብሽ ሰባት ሰባት አድርገሽ መክበብሽ ሥራውን አሳጠረው» እንደማለት።

ሙገሳው የማይደርስበት ቦታ ደግሞ ማርክ ይደርሳል። ልጆቻችን የሚያምኑት ከአንደበታችን ይልቅ ቀዩን እስክሪብቶ ነው። መልሱ ብቻ እየታየ ኤክስ የሚመታበት ልጅ ባዶ መተውና ሞክሮ መሳሳት ዋጋቸው እኩል ዜሮ መሆኑን ካወቀ፣ ለምን ይደክማል? ተከታታይ ምዘናው በእጅዎ ስለሆነ፣ በወር አንድ ጊዜ ከ10 ማርኩ 4ቱን ለተጻፈ ሙከራ፣ 3ቱን ከሞከረው ውስጥ የቱ እንዳልሠራና ለምን እንደሆነ ለጻፈበት፣ 3ቱን ብቻ ለመልሱ ያድርጉት። ደብተር ሲያርሙም ንጽሕናውን ብቻ አያሞግሱ፤ ሥርዝ ድልዝ እንዳይታይባቸው ገጽ የሚቀድዱ ልጆችን ያፈራነው እኛው ነን። የመጨረሻዎቹ አሥር ገጾች ለሙከራ ይሁኑ፤ እዚያ መሰረዝ ነውር የለበትም። በተሳሳተ መልስ ላይ የሚስቅ ክፍል ካለዎት ግን ይህ ሁሉ አይይዝም፤ ሳቁን በመጀመሪያው ቀን ያስቁሙ፣ ራስዎም ሰሌዳ ላይ ሲሳሳቱ ስህተትዎን ጮክ ብለው ያርሙ።

ከዚህ በኋላ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በሲንጋፖር ጥናት ያካሄደው የትምህርት ተመራማሪ ማኑ ካፑር፣ ተማሪዎች ትምህርቱ ሳይሰጣቸው በፊት በከባድ ጥያቄ ቢታገሉና ባይሳካላቸው እንኳ፣ ቀጥሎ የሚሰጣቸውን ማብራሪያ ይበልጥ ጠልቀው እንደሚረዱት አሳይቷል። ነገር ግን ትግሉ ፍሬ የሚሰጠው ልጁ የሚነሣበት እውቀት ሲኖረውና ከትግሉ በኋላ መምህሩ በሚገባ ሲያስረዳ ነው። ማባዣውን የማያውቅ፣ ክፍልፋይ ሲያይ የሚደነግጥ ልጅ 20 ደቂቃ ቢተዉት የሚማረው አለመቻሉን ነው። ለእንዲህ ያሉት የማባዣ ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ፈተና እስካልሆነ ድረስ ማየቱ ጉዳት የለውም። ፍጹም አዲስ አሠራር ሲያስተምሩም በተሠራ ምሳሌ ይጀምሩ፤ ቀጥሎ የመጨረሻው መስመር የጎደለው፣ ከዚያ ሁለት መስመር የጎደለው ምሳሌ ይስጡ። ምሳሌ መስጠት ልጆችን ያሰንፋል የሚሉ ባልደረቦች ያጋጥሙዎታል፤ የሚያሰንፈው ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው የተሠራ ምሳሌ ብቻ መስጠት ነው።

ስለ ምዕራፉ ያነሡት ሥጋት እውነተኛ ነው፤ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም ከፊት አለ። ስለዚህ በየቀኑ እንዲህ ያስተምሩ አልልም፤ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ጊዜው የሚገኘው ከመልመጃው ነው፤ አንድ ዓይነት ከሆኑ 20 ጥያቄዎች 6ቱን መርጠው ቢያሠሩ ልጆቹ የሚያጡት ነገር የለም። በሰባት አገሮች የ8ኛ ክፍል የሂሳብ ትምህርት በቪዲዮ ተቀርጾ ሲነጻጸር፣ በጃፓን አንድ ጥያቄ በአማካይ 15 ደቂቃ ገደማ ሲወስድ በሌሎቹ ከ5 ደቂቃ አልበለጠም፤ ጃፓኖች ግን በዓለም አቀፍ ፈተና ከፊተኞቹ ናቸው። በአንድ ጥያቄ ላይ ረጅም ጊዜ መዋል ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በሐሳቡ ሲያዘጋጅ ይውላል፤ ማታ ለመምህሩ ሲነግር የቆጠረው ይፈርስበታል፤ በማግስቱ ደግሞ ይቆጥራል። መምህሩ አጠገቡ ተቀምጠው የቅኔውን ቤት (ስንኙን) አይሞሉለትም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሳምንታት ደስ አይሉም። «ቲቸር ዘንድሮ አያስተምሩም፣ ዝም ብለው ይዞራሉ» የሚል ወሬ ከወላጅ ጋር ሊደርስብዎት ስለሚችል፣ ሳይጀምሩ በፊት ለርዕሰ መምህሩና ለክፍል ኃላፊው ያስረዱ። እድገቱን በስሜት አይለኩት፤ ጥያቄው ከተሰጠ በ5ኛው ደቂቃ እስክሪብቶ የያዘውን ልጅ በየሳምንቱ ቆጥረው ይመዝግቡ። ክፍለ ጊዜው አልቆ ጥያቄው ካልተፈታም መልሱን ለማሳየት አይቸኩሉ፤ በሰሌዳው ጥግ ከብበው «አይጠፋ» ብለው ይተዉት። ትምህርት ቤቱ በሁለት ፈረቃ የሚሠራ ከሆነ የከሰዓቶቹ ሊያጠፉት ስለሚችሉ፣ በካርቶን ጽፈው ከበሩ ጀርባ ይለጥፉት፤ ከሥሩም ልጆቹ የሚጽፉበት ባዶ ቦታ ይተዉ።